ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ፦ እናቴን በአውሮፕላን ልውሰዳት ወይስ በመኪና?

የዳሞት ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

እንደምን አመሻችሁ። እናቴ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ግራ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ለኅዳር አጋማሽ አዲስ አበባ ቀጠሮ ተይዞላታል። አምና ለሌላ ጉዳይ በአውቶቡስ ይዣት ስሄድ ጉልበቷ አልዘረጋ ብሎ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ደግሞ አስመልሷት፣ ከደረስን በኋላ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ዘንድሮ ተበድሬም ቢሆን በአውሮፕላን ልወስዳት አስቤያለሁ።

ችግሩ ቁጥሩ አምታታኝ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብዬ ብፈልግ አንዱ 333 ይላል፣ አንዱ 490፣ አንዱ 565፣ ሌላው ደግሞ 207። የበረራውንም ጊዜ አንዱ ግማሽ ሰዓት ሲለው ሌላው አንድ ሰዓት ይለዋል። የትኛውን ልመን? እኛ ያለነው ፍኖተ ሰላም ነው። የሄዳችሁበት ብትነግሩኝ።

ካርታ ወዳጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

አራቱም ልክ ናቸው፤ የለኩት ነገር ይለያያል እንጂ።

333 ኪሎ ሜትር ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ክር ወጥረህ ብትለካው የምታገኘው ነው። 207 ያልከው ያው ራሱ ርቀት በማይል ሲጻፍ ነው። አብራሪዎች ደግሞ በባሕር ማይል ስለሚለኩ፣ የእነሱ አንድ ማይል 1,852 ሜትር ነውና፣ 180 ይሉታል። ስለዚህ ነገ ደግሞ አምስተኛ ቁጥር ብታይ አትደንግጥ።

490 እና 565 የመኪና መንገድ ናቸው። 490 ገደማ የሚሆነው ከደጀን በብቸናና በሞጣ በኩል አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው ነው። 565 የሚባለው በደብረ ማርቆስ፣ በእናንተ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ የሚዞረው ነው። ሁለት መንገድ የሆነበት ምክንያት ጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ጎጃም መሀል ላይ ተቀምጦ መኪና በላዩ አያልፍም፤ አንዱ መንገድ በምሥራቁ፣ ሌላው በምዕራቡ ተጠማዞ ይሄዳል። ተማሪዎቼን ጮቄን የጎጃም የውኃ ማማ ነው እላቸዋለሁ፤ ነገር ግን የጎጃም የትራፊክ ደሴትም ነው።

ጣና ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የበረራውን እኔ ልመልስ፤ በሥራ ምክንያት በወር ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ።

በዚህ መስመር በብዛት የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 333ን ለዚያ ስታካፍለው ግማሽ ሰዓት ይመጣል። ያ ግማሽ ሰዓት የሚሉት የሒሳብ ማሽን የሠራው ነው፤ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። አውሮፕላን እንደ ጥይት ከመነሻው በሙሉ ፍጥነት አይወጣም። ሞተር ያስነሳል፣ ወደ ማኮብኮቢያው እየተንከባለለ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ገና ተስተካክሎ መብረር ሲጀምር መውረድ ይጀምራል። ቦሌ ላይ ሌሎች ሲያርፉ ተራ የሚጠብቅበት ጊዜም አለ። አየር ላይ የምትቆየው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ቲኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው ከቆመበት ተነስቶ ሌላው ጋ እስኪቆም ያለው ነው። አንተ የምትይዘው ይህንን ነው።

አንዳንዴ በኪው 400 ፋንታ ቦይንግ 737 ይመደባል። እሱ ይፈጥናል፤ በዚህ አጭር ርቀት ላይ ግን ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቡና ለመጠጣት እንኳ አይበቃም።

ሠላሳ ዓመት በመሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጄ፣ የተጠየቀው ሌላ፣ የሚመለሰው ሌላ ሆነ። ልጁ ፍኖተ ሰላም ነው ያለው። ስለ ባሕር ዳር ርቀት ምን ያደርግለታል?

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ዳር 176። አውሮፕላን ለመሳፈር አዲስ አበባን በጀርባህ ትተህ 176 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ትሄዳለህ፤ ከዚያ በሰማይ ተመልሰህ በራስህ አገር ላይ ታልፋለህ። እንግዲህ ይህን እናትህ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አንተ ታውቃለህ።

አሁን የመኪናውን ልቁጠርልህ፤ ይህን መንገድ በአውቶቡስም በጭነትም ሠላሳ ዓመት ነድቼዋለሁ። ከጧቱ 12 ሰዓት ከፍኖተ ሰላም ተነሳ። ጅጋን፣ ደምበጫን፣ አማኑኤልን አልፈህ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል። ቁርስ ግማሽ ሰዓት። ሉማሜን አድርገህ ደጀን ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሜዳ ላይ ብትሆን ግማሽ ሰዓት ነበረች፤ ነገር ግን ዓባይ በረሃ ነውና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደህ ያንኑ ትወጣለህ፤ ፊትህ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ካለ አንድ ሰዓት ተኩል በል። ምሳ ግማሽ ሰዓት። ከጎሐ ጽዮን በገብረ ጉራቻ፣ በፍቼ፣ በጫንጮና በሱሉልታ አድርገህ በእንጦጦ ቁልቁል ለመግባት 185 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። ድምሩ ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ነህ።

በእኔ ጊዜ የድሮው ድልድይ ላይ አንድ መኪና ሲያልፍ ሌላው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አሁን ያለው፣ ጃፓኖች የሠሩት፣ 303 ሜትሩ የኅዳሴ ድልድይ በ2000 ማለቂያ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ያ ቀርቷል። ጠመዝማዛው ግን ያው ነው፤ ድልድይ ቢታደስ ገደል አይታደስም።

የዳሞት ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ጋሼ ሠላሳ ዓመት በመሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልቤን የሚነካው ያ በረሃው ነው። አምና ያስመለሳት እዚያ ነው። እና ዘጠኝ ሰዓት መቀመጥ ለጉልበቷ አይሆንም። በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከቤት እስከ ቤት የሚቆጥርልኝ አለ?

ጣና ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ልቁጠርልህ፤ ሳልደብቅም እነግርሃለሁ።

በረራው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው እንበል። ሁለት ሰዓት ቀድመህ ማረፊያው መገኘት አለብህ፤ አካል ጉዳተኛ ወይም ሽማግሌ ከያዝክ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብትል ይሻላል። ስለዚህ ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ዳር መድረስ። ከፍኖተ ሰላም ሦስት ሰዓት ተኩል ስጠው፤ ከጧቱ 2 ሰዓት መነሳት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ቦሌ ታርፋለህ። ሻንጣ ጠብቀህ እስክትወጣ ሠላሳ አርባ ደቂቃ፤ ከዚያ ታክሲ። ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ያረፋችሁበት ቤት ናችሁ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ጋሼ ከቆጠሩት የሚያንሰው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። አውሮፕላን ያስፈጥናል ያለህ ሰው መነሻው ባሕር ዳር ስለሆነ ነው። ለእኔ ከቤቴ ማረፊያው በባጃጅ የሚደረስ ስለሆነ ቀኔን ያተርፍልኛል። ለአንተ አያተርፍም።

የሞጣ በር | ረቡዕ፣ ከጧቱ 1፡15

እኛ ሞጣ ላይ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ 370 ነው። ለእኛ አውሮፕላኑ ትርጉም አለው። ደብረ ማርቆስ ላለ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ አዲስ አበባ 300፣ ባሕር ዳር 265 ነውና፣ ማረፊያው ጋ እስክትደርስ ዓባይን ተሻግረህ ፍቼን አልፈሃል። ፍኖተ ሰላም ልክ ሚዛኑ የሚዋልልበት ቦታ ላይ ናት። ጠያቂው ዕድለኛ አይደለም።

ሲስተር ዘቡሬ | ረቡዕ፣ ከጧቱ 3፡30

ሁላችሁም ሰዓት ትቆጥራላችሁ፤ ሴትዮዋን የሚጎዳቸው ሰዓቱ አይደለም። ወንድሜ፣ ነርስ ነኝና እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው።

በመኪናው ዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ስምንቱን እግራቸው ታጥፎ ተቀምጠዋል። በአውሮፕላኑ ስምንት ሰዓት ውስጥ በመኪና የሚቀመጡት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ እሱም እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ወርደው እግራቸውን ካፍታቱ ለሁለት ይከፈላል። የቀረው ጊዜ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ መራመድ፣ እግር ዘርግቶ መቀመጥ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በረራ ነው። ድምሩ ቢቀራረብም ለጉልበት አይቀራረብም። ከዚህም በላይ አቅም ካላችሁ በዋዜማው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ይደሩ፤ ያን ጊዜ አንዱ ቀን ለሁለት ተከፍሎ ማንም አይደክምም።

ስለ አየሩ ደግሞ ልንገርህ፤ እናትህ «ሰማይ ላይ ትንፋሽ ያጥራል» ሳይሉህ አይቀሩም፤ የእኔም እናት ብለውኛል። የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት የሚስተካከለው ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለህ ሆኖ እንዲሰማህ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው ትንፋሽ ካላጠራቸው አውሮፕላን ውስጥም አያጥራቸውም። ከባሕር ዳር ማረፊያ፣ 1,820 ሜትር ገደማ፣ ተነስቶ ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚያርፍ ጆሯቸውም ብዙ አይደፈንም። ከተደፈነ ማኘክና መዋጥ ይከፍተዋል። ጥርስ ካላቸው የገብስ ቆሎ በመሀረብ ቋጥረው ይግቡ፤ ከሌላቸው ከረሜላ ወይም ውኃ በትንሽ በትንሹ።

አንድ ጥብቅ ነገር፦ ሞራው ተነስቶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መብረር አይከለከልም፤ ቢሆንም ቀኑን ሐኪሙ ይወስን። የተሠራው የዓይን ውስጠኛ መጋረጃ ሆኖ ዓይን ውስጥ ጋዝ ከገባ ግን ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ አውሮፕላን ክልክል ነው፤ ከፍታ ላይ ጋዙ እየሰፋ ዓይንን ያጠፋል። ያን ጊዜ መኪናም ቢሆን ወጣ ገባ ያለው መንገድ ያሳስባልና ሳትጠይቁ እንዳትነሱ።

ሠላሳ ዓመት በመሪ | ረቡዕ፣ ከጧቱ 4፡10

ሲስተር፣ ስለ ዓይን የተናገርሽውን አላውቅም፤ ስለ ጉልበት ያልሽው ግን እውነት ነው። የእኔም ጉልበት የተበላሸው እዚያ መሪ ላይ ነው። ቃሌን አላነሳም፤ ግማሹን ግን አነሳለሁ።

መንገደኛ 1፡40 | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ስሜን ያወጣሁት ከደረሰብኝ ነውና ልተርክላችሁ።

የመጀመሪያ በረራዬ ነበር። ቲኬቱ ላይ የመነሻው ሰዓት 07:40 ይላል። እኔም በሐሳቤ «ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ» ብዬ፣ ጧት ገበያ ወጥቼ፣ ለአክስቴ ማር ገዝቼ፣ ምሳ በልቼ፣ እንደ ጨዋ ሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ማረፊያው ደረስኩ። ዘበኛው ቲኬቱን አይቶ ሳቀ። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 07:40 ማለት ከጧቱ 1 ሰዓት ከአርባ ነው። አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተሳፋሪው ወርዶ፣ ምናልባት ምሳውን በልቶ ነበር።

ማንንም አልከሰስኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ቲኬቱ ላይ ካለው ቁጥር ስድስት ቀንስ። 14:00 ካለ 8 ሰዓት ነው። ከስድስት የሚያንስ ቁጥር ካየህ ሌሊት ነውና ከዘመድ ጋር ሆነህ ቁጠረው። ማሩን አክስቴ ከሁለት ቀን በኋላ በአውቶቡስ አገኘችው።

ጣና ዳር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡02

የሳቅኩት ስላልደረሰብኝ አይደለም፤ ስለደረሰብኝ ነው። የእኔ ግን በተቃራኒው ነበር፤ 13:10 የሚለውን ከሌሊቱ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ነጋ።

ከባሕር ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጥያቄ ላክል፤ ይቅርታ ክሩን ካስረዘምኩ። የምኖረው ዋሽንግተን ነው፤ ቤተሰቤ ደምበጫ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲበር መንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋል፤ ከዚህ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይገባል። ርቀቱ በሁለቱም በኩል 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አይደለም እንዴ? መሬት በአንድ በኩል አይረዝምም።

ካርታ ወዳጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

መሬት አልረዘመም፤ ቦሌ ከፍ ብሎ ነው። 2,334 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፉን በደንብ አይሸከምም፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሳ ክብደት መቀነስ አለበት፤ ሰው አይቀነስምና ነዳጅ ይቀነሳል። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ከባሕር ጠለል መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እዚያ ጠጥቶ ጠግቦ ይነሳል። በዚያ ላይ በሰማይ ላይ በብዛት የሚነፍሰው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ እኛ ሲመጣ ከኋላ ይገፋዋል፤ ወደ እናንተ ሲሄድ ግንባሩን ይመታዋል።

ለደምበጫ ቤተሰቦችህ ስትደውል ደግሞ ልብ በል፤ በእናንተ የብርድ ወራት ልዩነቱ ስምንት ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት ሰባት ነው።

ሠላሳ ዓመት በመሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጭነት መኪናም እንደዚያው ነው። አይሱዙ ጫን ያለ እንደሆነ እንጦጦ ላይ ያለቅሳል፤ ወደ ሱዳን ጠረፍ ሜዳው ላይ ሲወርድ ይዘፍናል። አስተማሪው ይህን ከእኔ ቢጠይቅ ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር እነግረው ነበር።

የጅጋ ነጋዴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

አትናደዱብኝና፣ ለሁለት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ከምትከፍል ያንን ገንዘብ ለአንድ ቤት መኪና ኮንትራት ስጠው። እናትህ ከኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብለው፣ ደክሟቸው ባሉበት ቦታ ቆማችሁ፣ የፈለጉትን በልተው ይሄዳሉ። ያው ሄደው ሄደው ቦሌ ላይ ታክሲ ሊከፍሉ ነው። የአውሮፕላን ነገር ለፎቶ ነው።

ሲስተር ዘቡሬ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

ለፎቶ አይደለም፤ ለጉልበት ነው ብያለሁ። የኋላ ወንበር ላይ የተጋደመ ሰው ዓባይ በረሃ ሲገባ ከተቀመጠው ይልቅ ነው የሚያስመልሰው፤ ጠመዝማዛውን ሳያይ ሆዱ ብቻ ያየዋል። በመኪና ከሄዱ ፊት ለፊት ከሹፌሩ ጎን ያስቀምጧቸው፤ ዓይናቸው ሩቅ ይመልከት። ከመነሳታቸው በፊት የሚበሉትም ቀለል ያለ ይሁን፤ ዶሮ ወጥ አብልታችሁ ወደ ገደል አትውሰዱ።

በሐሳብህ ግን አንድ እውነት አለ፦ ሲመለሱ መኪናው ይሻል ይሆናል። ለቀጠሮ አይቸኩሉም፤ መሀል ላይ ማደር ይችላሉ።

የዳሞት ልጅ | ሐሙስ፣ ከጧቱ 2፡45

ሁላችሁንም አነበብኩላት። እናቴ በሬዲዮ የምትሰማው ይመስል እያንዳንዱን አስደገመችኝ። ጋሼ ሠላሳ ዓመት በመሪን ወደደቻቸው፤ «ይህ ሰው አማኑኤል ላይ ቁርስ ሲበላ አውቀዋለሁ» አለችኝ፤ እውነት ይሁን አይሁን እሷ ነች የምታውቀው። ሲስተርን መረቀቻት። የጅጋውን ነጋዴ «ልጁ ገንዘብ ያውቃል» አለች።

ወሰንን፦ በዋዜማው ባሕር ዳር አክስቴ ቤት እናድራለን፣ በማግሥቱ እንበራለን። ቲኬት ስቆርጥ ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቄያለሁ፤ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት ብለውኝ ነበርና። ቀሪው ጥያቄ የእናቴ ነው፤ በየትኛው በኩል ልቀመጥ ትላለች።

ካርታ ወዳጅ | ሐሙስ፣ ከጧቱ 3፡10

ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ስጠብቅ ነበር።

ከባሕር ዳር ቦሌ ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ብታሰምር መስመሩ ጮቄ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ ደጀን ላይ፣ ከዚያ ዓባይን የሚሻገረው መኪና በሚሻገርበት በዚያው ድልድይ አካባቢ ነው። አምና ያስመለሳቸውን ቦታ ከላይ ሆነው ያዩታል ማለት ነው። አብራሪው በየቀኑ በዚያው መስመር ላይ ልክ አይሄድም፤ አየሩና ትራፊኩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያደርጉታል። ቢሆንም ከማናቸውም መስኮት ጎጃም ይታያል። በኪው 400 ወንበሩ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ስለሆነ ከሁለታችሁ አንዱ የግድ መስኮት ጋ ነው። ክንፉ ከላይ ስለሆነ እይታን አይከልልም።

ጸሐይ እንዳታስቸግራቸው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በረራ ከሆነ በግራ ይቀመጡ። ወደ ደቡብ ስትበሩ ምዕራቡ በቀኝ ነውና። ሞራ ላለበት ዓይን ብርሃን ከባድ ነው።

ጣና ዳር | ሐሙስ፣ ከጧቱ 3፡22

አንድ ነገር ጨምር፦ ባሕር ዳር ላይ ለታክሲ ሹፌር ስትነግር በየትኛው ስም ልጥራው ብለህ እንዳትጨነቅ። አሁን በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው፤ ድሮ ግንቦት ሃያ ይባል ነበር፤ ሹፌሩ ግን «ኤርፖርት» ካልከው ይበቃዋል። በዋዜማው ደግሞ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑን ደውለህ አረጋግጥ፤ የዚህ ዘመን መንገድ ነው። ባሕር ዳር አድራችሁ የምትነሱ መሆናችሁ ለዚህም ይጠቅማል።

የዳሞት ልጅ | ቅዳሜ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፣ ከምሽቱ 1፡50

ቃል ገብቼ ነበርና ልንገራችሁ።

ቲኬቱ 14:30 ይል ነበር። ስድስት ቀነስኩ፣ 8፡30። ከዚያ አላመንኩም፣ ለመንገደኛ 1፡40 ስል ሁለተኛ ቀነስኩ፣ ያው 8፡30።

ተሽከርካሪ ወንበሩ መጣ፤ እናቴ ግን ወንበሩ ላይ ነጠላዋን አስቀምጣ እሷ በእግሯ ሄደች። የአውሮፕላኑ በር ራሱ ደረጃ ሆኖ ይዘረጋል፤ ጥቂት እርከን ነው፤ እኔና አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ደግፈናት ወጣች። ስንነሳ ዓይኗን ጨፍና ማርያምን ጠራች። ከዚያ ደመናውን አልፈን ሲስተካከል አንድ ዓይኗን፣ ጤነኛውን፣ ገልጣ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። ጮቄ ላይ ደመና ነበር፣ አላየነውም። ዓባይን ግን አየችው። እንደ ቡናማ ክር ነበር። «ይህ ነው ያን ሁሉ ያስለፋን?» አለችኝ። ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ ቆሎው ሳያልቅ መውረድ ጀመርን። ቦሌ ስናርፍ ሰዓቴን አየሁ፤ ከተነሳን አርባ ሦስት ደቂቃ።

ሞራው ተነሳላት። ጋዝ የሚባል ነገር አልገባም፤ ሲስተር ባለችኝ መሠረት ጠይቄያለሁ፣ ሐኪሙም ጥያቄዬ ገርሞት «ማን ነገረህ?» ብሎኛል። ከሳምንት በኋላ መሄድ ትችላላችሁ ተባልን።

ስንመለስ በመኪና ነው የመጣነው። ውሳኔው የእናቴ ነው፦ ደብረ ሊባኖስን ሳልሳለም አልመለስም አለች፤ አውሮፕላን ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ላይ አይቆምም። እዚያ ተሳለመች፣ ፍቼ አደርን፣ በማግሥቱ ፊት ለፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ዓባይ በረሃን ወረደች። አላስመለሳትም። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሹፌሩን «ቀስ በል» አለችው፤ ከላይ ያየችውን ከታች ልታይ። ሁለቱንም ዓይኖቿን ገልጣ ነበር።

ቤት ከደረስን በኋላ ጎረቤቶች «አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሩቅ ነው?» ብለው ሲጠይቋት «አዲስ አበባስ ቅርብ ናት፤ የራቀው ባሕር ዳር ነው» ትላቸዋለች።

ሠላሳ ዓመት በመሪ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

እንኳን ደህና ገቡ። ለእናትህ ንገርልኝ፤ አማኑኤል ላይ ቁርስ እበላ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ከመንገዱ ዳር ካለችው ቤት፣ ጥብስ ፍርፍር። ሴትዮዋ አሁንም አለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።